መንጃ ፈቃድ ያልነበረው የሞተር ሰው፦ ፊሊክስ ዋንክል እና አልበርድ ያለው ሞተሩ

አሜሪካ ውስጥ ጋራዣቸው ውስጥ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቀልድ አይደለም። ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሁድን እየተጠቀሙ አሉሚኒየም ይቆርጣሉ፣ ይበሳሉ፣ በሪቬት ያያይዛሉ፤ ከዓመታት በኋላ ያንን የሠሩትን ነገር ራሳቸው ተሳፍረውበት ይነሳሉ። ሕጉም ይፈቅድላቸዋል፤ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለትምህርትና ለመዝናኛ ብለው ራሳቸው መሥራታቸው ከታየ ማለት ነው። ከነዚህ ሰዎች ጥቂቶቹ ደግሞ ሌላው ሰው ገዝቶ የሚገጥመውን የአውሮፕላን ሞተር ትተው፣ ከአሮጌ የማዝዳ ስፖርት መኪና ላይ ሞተር አውርደው የአውሮፕላናቸው አፍንጫ ላይ ያስሩታል። ያ ሞተር ፒስተን የለውም። ቫልቭ የለውም። ቢኤላም የለውም። ውስጡ የሚሽከረከረው ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ነው።

እነዚህን ሰዎች ስለ ሞተሩ ብታናግሯቸው ስለ ጉልበቱ ብዙ አይቆዩም። ለስላሳ ነው፣ ዋጋው አይጎዳም፣ ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው ይሏችኋል። ከዚያ ወሬው ወደ ራዲያተር ይዞራል፤ እዚያው ያመሻል። ውሃው ስንት ዲግሪ ደረሰ፣ ዘይቱ ስንት ደረሰ፣ አየሩ በየት ገባ፣ በየት ወጣ። ሰማይ ላይ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሙቀት ነው።

የዛሬው ታሪካችን ይህን ሞተር ያሰበው ጀርመናዊ ነው፤ ፊሊክስ ዋንክል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። ዓይኑ ሩቅ ማየት ስለሚቸገር ዕድሜውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። በስሙ የሚጠሩ መኪናዎች በዓለም ሲነዱ እሱ ከጎን ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ነበር። ስለ እሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ምዕራፍም አለ፤ እኛ አንዘለውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋንክል ኦገስት 13 ቀን 1902 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ከጥቁር ደን አጠገብ ባለች ላር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የደን ባለሙያ ነበሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ዘመቱ፤ አልተመለሱም። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። እናቱ አንድ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሃይደልበርግ ሄዱ። ፊሊክስ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሳይገፋ በ1921 አቋረጠና ሃይደልበርግ ውስጥ በአንድ የመጻሕፍት ማተሚያ ድርጅት ተቀጠረ። ቀን ቀን መጻሕፍት መሃል ይውላል፤ ማታ ማታ ስለ ማሽን ያነባል፣ ይስላል።

በ17 ዓመቱ አየ የሚባል ሕልም አለ። በራሱ እጅ በሠራው መኪና ወደ ሙዚቃ ዝግጅት ሲሄድ፣ የመኪናው ሞተር ግማሹ ተርባይን ግማሹ የተለመደው ዓይነት ነው፤ ለጓደኞቹም ይህንኑ ያስረዳቸዋል። ሕልሙ እንደተነገረው ነው ወይስ ኋላ ላይ ያማረ ታሪክ ነው፣ እሱን ለሕልም ፈቺ እንተወው። እርግጡ ነገር በ1924 ከጓደኞቹ ጋር ሃይደልበርግ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ መክፈቱና በ1929 በሚሽከረከር ማሽን ላይ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ማግኘቱ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። በተለመደው ሞተር ፒስተኑ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል። በደቂቃ በሺዎች ጊዜ መሄድና መቆም ማለት ነው። መንኮራኩሩ ግን መዞር ነው የሚፈልገው። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው የሚዞር ነገር አንሠራም? ይህን ያሰበ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም፤ ከሱ በፊት ብዙዎች ሞክረው የወደቁበት ነገር ነው። የወደቁት ደግሞ ባብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የሚቃጠለው ጋዝ በሚዞረው ብረትና በግድግዳው መሃል ያመልጣል። ፒስተን ክብ ስለሆነ በፋሻ ይታሸጋል። ማዕዘን ያለውን ነገር በምን ታሽገዋለህ? ዋንክል ዕድሜውን የሰጠው ለዚህች ጥያቄ ነው።

አሁን ወደሚዘለለው ምዕራፍ። ዋንክል ናዚ ነበር። ያውም ዘመኑ አስገድዶት የገባ አይደለም። በ1922፣ ሂትለር ሥልጣን ሊይዝ ገና 11 ዓመት ሲቀረው፣ በ20 ዓመቱ ፓርቲውን የተቀላቀለ ነው። ከዚያም በፊት የጸረ አይሁድ ማኅበር አባል ነበር። ወጣቶችን እያደራጀ ወታደራዊ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። በ1931 የባደን ክፍለ ሀገር የሂትለር ወጣቶች መሪ ሆነ። ከክልሉ የፓርቲ አለቃ ከሮበርት ቫግነር ጋር ግን ተጣሉ፤ ዋንክል አለቃውን በአደባባይ በሙስና ከሰሰው፤ አለቃውም በ1932 ከፓርቲው አስባረረው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ማርች 1933፣ ዋንክል በዚያው አለቃ ትእዛዝ የትውልድ ከተማው እስር ቤት ገባ።

ማን አስፈታው? የሂትለር የኢኮኖሚ አማካሪ የነበረው ቪልሄልም ኬፕለርና ራሱ ሂትለር። ሴፕቴምበር ላይ ወጣ። በ1940 ኤስ ኤስ ውስጥ ከሌተና ኮሎኔል ጋር የሚመጣጠን ማዕረግ ተሰጠው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተነጠቀ። መታሰሩን ብቻ ነጥሎ እንደ ተቃዋሚ አድርጎ ማቅረብ የሚወዱ አሉ። ጠቡ ግን በቤት ውስጥ የነበረ ጠብ ነው፤ ከእስር ያወጡትም የዚያው ቤት ጌቶች ናቸው።

ምርምሩም የቆመው በዚያው ቤት ገንዘብ ነው። በ1936 ሊንዳው በምትባል፣ ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ውስጥ በጀርመን አየር ሚኒስቴር ድጋፍ የራሱን የሙከራ ወርክሾፕ ከፈተ። ሥራው ለጦር አውሮፕላን ሞተሮች የሚሽከረከሩ ቫልቮችን መሥራት ነበር፤ ከዳይምለር ቤንዝ ጋርም ሠርቷል። እዚህ ላይ ነው የማሸግ ጥበቡን የቀሰመው። ማሸጊያን ግድግዳው ላይ የሚያጣብቀው ስፕሪንግ ብቻ እንዳልሆነ፣ የጋዙ ግፊት ራሱ ከጀርባው ገብቶ ሊገፋው እንደሚችል በደንብ ተረዳ። ዱላ ይዞ የመጣውን እንግዳ በር እንዲዘጋልህ ማድረግ በሉት።

ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ሊንዳው የፈረንሳይ ጦር እጅ ገባች። ፈረንሳዮች ዋንክልን አሰሩት፤ ወርክሾፑን ነቃቅለው ወሰዱት። በ1946 ሲፈታ በእጁ የቀረው ነገር ጭንቅላቱና ወረቀቱ ነበር። ሥራ መሥራትም ለጊዜው ተከልክሏል። ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ በ1951 አካባቢ ኤን ኤስ ዩ ከተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ጋር ውል ተዋዋለ። ፋብሪካው መጀመሪያ የፈለገው የማሸግ እውቀቱን ነበር። ቀስ በቀስ ግን የሚዞረውን ሞተር አብረው ይዘውት ቁጭ አሉ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1957 የመጀመሪያው የዋንክል ሞተር ኤን ኤስ ዩ ውስጥ ተነሳና ዞረ። ሰውየው 54 ዓመቱ ነው።

ያ የመጀመሪያው ሞተር ዛሬ የምናውቀው አይደለም። በዋንክል ንድፍ የውስጡም ብረት ይዞራል፣ ቤቱም ይዞራል። ሁሉም በየመሃሉ ላይ ስለሚዞር ምንም ንቅናቄ የለውም፤ በጣም ፈጣን፣ በጣም ለስላሳ ነው። ችግሩ፣ ካንዴላ ለመቀየር ሞተሩን መበተን ያስፈልጋል። ነዳጁ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ወደሚዞር ነገር ውስጥ መግባት አለበት። የኤን ኤስ ዩ መሐንዲስ ሃንስ ዲተር ፓሽከ ይህን አይቶ ቤቱን አቆመው። ሮተሩ ብቻ ይዙር፤ ቤቱ ከቻሲው ጋር ይታሰር፤ ውሃውም በቆመ ቱቦ ይግባ ይውጣ። ይህ ሞተር በ1958 ሠራ። ዋንክል ለውጡን የሰማው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ሲሰማም የሩጫ ፈረሱን ሞፈርና ቀንበር እንደጫኑበት ሰው ተናደደ። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ሁሉ በዋንክል ስም የሚጠራው ሞተር ዋንክል ራሱ ያልወደደው ሞተር ነው ማለት ይቻላል።

በፓሽከ ንድፍ ሞተሩ ለፋብሪካ የሚመች ሆነ። በዚያው ግን የሙቀቱ ጉዳይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ነገሩን ዘርዘር አድርገን እንየው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በተለመደው ሞተር አራቱ ሥራዎች፣ ማለትም አየርና ነዳጅ ማስገባት፣ መጭመቅ፣ ማቃጠል፣ ጭስ ማስወጣት፣ እዚያው አንድ ሲሊንደር ውስጥ በየተራ ይካሄዳሉ። ግድግዳው አሁን በእሳት ይገረፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ያስተነፍሰዋል። በዋንክል ሞተር ግን እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቦታ አለው። ቤቱ ወገቡ ትንሽ ገባ ያለ ሞላላ ነው፤ ሮተሩ በውስጡ እየዞረ ጋዙን ከቦታ ወደ ቦታ ይወስደዋል። በአንደኛው ጎን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በሌላኛው ጎን፣ ካንዴላዎቹ ባሉበት፣ ሁልጊዜ እሳት አለ። እሳቱ ያለበት ጎን ነፋስ የሚባል ነገር አያይም። አንዱ ጎን ሞቆ ሲለጠጥ ሌላው ቀዝቅዞ ይቀራል፤ ብረቱ መጣመም ይፈልጋል። ቤቱ በትንሹም ከተጣመመ ደግሞ ያ ዋንክል ዕድሜውን የሰጠው ማሸጊያ ግድግዳውን ይለቃል።

በዚህ ላይ የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። ሰፊ ግድግዳ ስላለው ብዙ ሙቀት ወደ ብረቱ ይሰርቃል። ቃጠሎውም ዘግየት ስለሚል ጭሱ ሲወጣ ከሌላው ሞተር የበለጠ ይፋጃል። ሮተሩ ራሱስ? እሱ መሃል እሳት ውስጥ የሚዞር ብረት ነው፤ የውሃ ቱቦ ልትወስድለት አትችልም። ስለዚህ በኤን ኤስ ዩም በማዝዳም ሞተሮች ሮተሩ የሚቀዘቅዘው በሆዱ ውስጥ በሚረጭ የሞተር ዘይት ነው። ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ይሆናል። ሞተሩ ከሚያስወግደው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ገደማውን ተሸክሞ የሚወጣው ዘይቱ ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት።

ኤን ኤስ ዩ በ1967 ሮ 80 የተባለች መኪና አወጣ። በመልኳ ከዘመኗ የቀደመች፣ ሲነዷት ድምፅ የሌላት ነበረች። በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተባለች። ከዚያ የማዕዘን ማሸጊያዎቹ ይበሉ ጀመር። ደንበኞች ገና በዋስትና ጊዜ ውስጥ ሞተር ይቀየርላቸው ጀመር፤ አንዳንዱ ሁለቴ ሦስቴ። የሮ 80 ባለቤቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስንተኛ ሞተራቸው ላይ እንዳሉ በጣታቸው ቁጥር ይሳዩ ነበር ይባላል። ፋብሪካው ዕዳውን አልቻለውም፤ በ1969 በፎልክስቫገን ጥላ ሥር ከአውዲ ጋር ተዋሃደ።

ሞተሩን ያዳኑት ጃፓኖች ናቸው። ማዝዳ ፈቃዱን የገዛው በ1961 ነው። ኬኒቺ ያማሞቶ የሚመራቸው 47 መሐንዲሶች የሞተሩን ግድግዳ ከፍተው ሲያዩ ማሸጊያው እየተንቀጠቀጠ ሞገድ ሞገድ ጭረት ትቶበታል፤ የሰይጣን ጥፍር ብለው ሰየሙት። ዓመታት ፈጅቶባቸው መላ አገኙና በ1967 ኮስሞ ስፖርትን፣ በ1978 አር ኤክስ 7ን አወጡ። የጋራዥ አውሮፕላን ሠሪዎቹ የሚፈልጉት 13ቢ የተባለው ሞተር ከዚህ ቤተሰብ ነው፦ ሁለት ሮተር፣ እያንዳንዱ ክፍል 654 ሲሲ፣ በጠቅላላው 1.3 ሊትር።

አውሮፕላን ውስጥ መግባቱ እንኳ ከጋራዦቹ በፊት የተጀመረ ነው። የአሜሪካው ከርቲስ ራይት ፈቃዱን በ1958 ገዝቶ የራሱን ሞተሮች ሠራ። ሎክሂድ ለቬትናም ጦርነት ጠላት ሳይሰማው ማታ የሚሰልል አውሮፕላን ሲሞክር፣ ኪው ስታር በተባለው የሙከራ አውሮፕላን ላይ የገጠመው ይህንኑ በውሃ የሚቀዘቅዝ የዋንክል ሞተር ነበር። ጄኔራል ሞተርስም በ1970 በ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባ፤ የነዳጅ ቀውሱ ሲመጣ ግን ነዳጅ የሚጠጣ ሞተር ማን ይፈልጋል? ተወው።

ዋንክል ራሱ በገንዘብ አልተጎዳም። በ1971 የመብት ድርሻውን ሎንሮ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ100 ሚሊዮን ማርክ ሸጠ። በ1969 የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶት ነበር፤ መሐንዲስ ለመባል ዲግሪ ያልነበረው ሰው ዶክተር ዋንክል ተባለ። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዳር ፈጣን ጀልባ ሲሠራና ሲሞክር ኖረ። የእንስሳት ነገር በጣም ይገደው ስለነበር፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንስሳትን ከሥቃይ ለሚያድን ምርምር በስሙ ሽልማት አቋቋመ። ለእንስሳ እንዲህ የሚራራ ሰው ወጣትነቱን በየትኛው ሰልፍ ውስጥ እንዳሳለፈ ስታስቡ ነገሩ አይገጥምላችሁም፤ ለእኔም አልገጠመልኝም። ልጅ አልወለደም። ኦክቶበር 9 ቀን 1988 በ86 ዓመቱ ሃይደልበርግ ውስጥ አረፈ። ማዝዳ በአራት ሮተር ሞተር የ24 ሰዓቱን የሌ ማን ውድድር ሲያሸንፍ በ1991 ነበር፤ አልደረሰበትም።

ሞተሩ ግን ጋራዥ ውስጥ ገና ትግል ላይ ነው።

ለምን መኪና ላይ በደህና የኖረ ሞተር አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ያፈላል? መኪና ሙሉ ጉልበቱን የሚጠቀመው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሌላ መኪና ለመቅደም ትረግጣለህ፣ ትለቃለህ። አውሮፕላን ከመሬት ሲነሳና ሲወጣ ግን ደቂቃዎችን በሙሉ ጉልበት ይሄዳል፤ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት ከሁለት ሦስተኛው ያላነሰ ጉልበት ይጠይቃል። 13ቢ ለፕሮፔለሩ 150 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በውሃና በዘይት በኩል መወገድ ያለበት ሙቀት ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። በእኛ ቋንቋ፣ ሃያ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ተሰክቶ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ያን ሁሉ ከአንድ ጠባብ አፍንጫ ውስጥ አውጥቶ ለነፋስ መስጠት ነው ሥራው።

በጣም ክፉው ሰዓት ደግሞ መውጫው ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው። በአግድም ሲበር በሚገባ የሚቀዘቅዝ አውሮፕላን ገና ከፍታ ሳይይዝ ጠቋሚው ቀይ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አብራሪው ያኔ ያለው ምርጫ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መጨመር ወይም ጉልበት መቀነስ ነው። ከፊት ለፊት ዛፍ ካለ ሁለቱም ምርጫዎች አይደሉም።

ጀማሪ ሠሪ ሲያፈላበት መጀመሪያ የሚያደርገው የአየር መግቢያውን ማስፋት ነው። አልቀዘቀዘም፤ እንደገና ያሰፋዋል። በዚህ መካከል አውሮፕላኑ አየር የሚሰበስብ ጆንያ ሆኖ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው መውጫው ላይ ነው። የሞተሩ ሽፋን ውስጥ የገባው አየር በደንብ መውጫ ካላገኘ እዚያው ይታፈናል፤ ከኋላው የሚመጣው አየር ደግሞ በሩ ላይ ተመልሶ በጎን ይሄዳል። መስኮት አንድ ብቻ ከፍቶ ቤት እንደማናፈስ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው። የመግቢያው አፍ ትንሽ ይሆናል። ከአፉ በኋላ ቱቦው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ሲሰፋ አየሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ግፊት ይጨምራል፤ በዚያ ግፊት የራዲያተሩን ጠቅላላ ፊት እኩል አልፎ ይሄዳል። ከዚያ መውጫው እየጠበበ መልሶ ያፈጥነዋል። ቱቦው በድንገት ከሰፋ አየሩ ከግድግዳው ተላቆ ይሽከረከራል፤ የራዲያተሩ ግማሽ ያለ ሥራ ይቀመጣል። በራዲያተሩ ጠርዝ ላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት ካለችም አየሩ የሚመርጠው እሷን ነው፤ በክንፎቹ መሃል መግባት ድካም ስላለው። ሁለተኛው ዓለም ጦርነት ውስጥ የነበሩ ተዋጊ አውሮፕላኖች መሐንዲሶች ይህን አውቀው ሠርተውበታል። ጋራዥ ውስጥ ያለው ሰው ግን ፋይበር ግላስ እየለጠፈ፣ እየበረረ፣ እየቀደደ እንደ አዲስ ይማረዋል።

ከዚህ ሁሉ የምወዳት አንዲት ብልሃት አለች። የአውሮፕላን ራዲያተር ውድ ነው፤ የመኪና ራዲያተር ሰፊና ስስ ስለሆነ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ታዲያ ሠሪዎቹ ወደ አሮጌ መኪና ማከማቻ ሄደው ከዳሽቦርድ ውስጥ የኤር ኮንዲሽነሩን የውስጥ ማቀዝቀዣ ይነቅላሉ። ትንሽ፣ ወፍራም፣ ከአሉሚኒየም የተሠራና ከፍተኛ ግፊት የሚችል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ወፍራም ቱቦ በያጆላቸው ውሃ ይነዱበታል። ሹፌሩን ሊያበርድ የተሠራው ዕቃ ሞተሩን ያበርዳል።

ያቺ አንድ ሦስተኛ እዚህ ላይ ትመጣለች። የተለመደ ሞተር ያላቸው ሰዎች የዘይት ማቀዝቀዣን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ነው የሚያዩት፤ ትንሿን ገዝተው ጥግ ላይ ይሰቅሏታል። የዋንክል ሞተር ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ውሃው በደህና 85 ዲግሪ ላይ ሆኖ ዘይቱ ሲንር ያያል። ዘይቱ ከሞቀ ደግሞ የሚቀጣው ሮተሩ ነው፤ ሮተሩ ውስጥ ሙቀት መለኪያ የለም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዘይቱም እንደ ውሃው የራሱን መግቢያ፣ የራሱን ቱቦ፣ የራሱን መውጫ ይሰጡታል።

ሞተሩ ከመጠን በላይ ቢሞቅ ምን ይሆናል? የሞተሩ ቤት አሉሚኒየም ነው፤ ግራና ቀኙን የሚዘጉት ሳህኖች ብረት ናቸው፤ ሁሉም በረጃጅም ብሎኖች እንደ ሳንድዊች ተጠርቀው ታስረዋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ይለጠጣል። በመሃላቸው ውሃውን ከእሳቱ የሚለዩ ስስ ቀለበቶች አሉ፤ እነሱ ይጨፈለቃሉ፣ ይቃጠላሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቀለበቱ ወደ ቦታው አይመለስም። በሚቀጥለው ቀን ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ውሃ ወደ ማቃጠያው ገብቷል ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ደግ ጠባይ አለው። ፒስተን ያለው ሞተር በጣም ሲሞቅ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀጥ ሊል ይችላል። የዋንክሉ ሮተር ብረት፣ ቤቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ቤቱ ይሰፋለታል። ጉልበቱ እየደከመም ቢሆን መዞሩን አይተውም፤ ወደ ሜዳው ለመመለስ የምትበቃ ደቂቃ ልትገኝ ትችላለች። ሠሪዎቹ ከሚወዱት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ከፍታው ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆን አለበት፤ ክዳኑ ካፈሰሰ 3,000 ሜትር ላይ ውሃው 90 ዲግሪ ላይ መንጨርጨር ይጀምራል። አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም።

ሌላው ተንኮለኛ ነገር ጠቋሚው ነው። ቱቦ ተቀዶ ውሃው ካለቀ የሙቀት መለኪያዋ ባዶ ቦታ ላይ ትቀራለች። በውሃ ውስጥ ስላልሆነች የምትነግረው ውሸት ነው፤ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል። አብራሪው ተመስገን በረደ ይላል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ከሙቀት መለኪያው ጎን የውሃውን ግፊት የሚያሳይ ሌላ ጠቋሚ ይገጥማሉ። ሙቀቱ ወርዶ ግፊቱም አብሮ ከወረደ ሜዳ ፍለጋ ነው።

የአሜሪካ ሕግ አውሮፕላኑ ሰው ከማሳፈሩ በፊት አብራሪው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን እንዲሞክረው ያዛል። ለበረራ የተመሰከረለት ሞተርና ፕሮፔለር ላለው 25 ሰዓት፣ እንዲህ ከመኪና ለመጣ ሞተር ግን 40 ሰዓት ነው የተለመደው። የዋንክል ሞተር የገጠመ ሰው ከነዚያ 40 ሰዓታት ብዙዎቹን የሚያሳልፈው ሜዳውን ሳይርቅ በላዩ ላይ እየዞረ ነው። በሙቅ ቀን ይነሳል፣ ሁለቱን ጠቋሚዎች ያያል፣ ይጽፋል፣ ይወርዳል፤ ሽፋኑን ፈትቶ የሆነች ክፍተት በቴፕ ይዘጋል፣ ወይም የመውጫውን ከንፈር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይቆርጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይነሳል። አራት ዲግሪ ወርዶለት ከሆነ ያን ቀን ማታ ደውሎ የሚነግረው ሰው አያጣም።